አባቴ ልደትን ያዘገየበት ዓመት

በ1932 ዓ.ም. እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ልጆቼ «አባባ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ያስታውሳል? የሰማኸውን ነው የምታወራው» ይሉኛል። አልሰማሁም፤ አይቻለሁ። የትናንት ምሳዬን እረሳ ይሆናል፣ ያንን ዓመት ግን አልረሳም።

ያመጣብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ለለቅሶ ወናጎ ሄጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሙቀት ሲበዛብኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሴቶቹ ለለቀስተኛው ቆጮ ሊያወጡ የእንሰት ጉድጓድ ከፍተው ነበር። ያ ኮምጣጣ፣ እርጥብ፣ ልብስ ላይ የሚቀር ሽታ መጣ። አብሮኝ የነበረው የልጅ ልጄ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የዚያ ዓመት ቤታችን ሽታው ይኸው ነበር።

ቤታችን ከዲላ ወደ ወናጎ ከሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጣ ብሎ፣ ቡናና እንሰት መሃል ነው። አባቴ ባሻ ተሰማ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበር። ጣሊያን ሳይመጣ ገባር ነበረው፤ ገባሮቹ ያርሳሉ፣ እኛ እንበላለን። ልኮራበት ብዬ አይደለም የምጽፈው፣ እንደዚያ ስለነበረ ነው። ጣሊያን ገብቶ «ከዛሬ ጀምሮ ገባር የለም» ሲል ገባሮቹ ጌዴኦዎች ወደየማሳቸው ሄዱ፤ እኛም እጃችንን መሬት ውስጥ ከተትን። አባቴ መቆፈር አያውቅም ነበር። ዶማውን እንደ ጦር ነው የሚይዘው፤ መሬቱም እንደ ጠላት ነው የሚመልስለት።

ከገባሮቹ አንዱ ጅግሶ ይባላል። እሱ ጎረቤታችን ሆኖ ቀረ። ድሮ አባቴን «ጌታዬ» ይለው ነበር፤ አሁን «ባሻ» ብሎ፣ «አንተ» እያለ ያወራዋል። ይህ አባቴን እንደ እሾህ ነው የሚወጋው። ጅግሶ ግን ክፋት አልነበረበትም። እንሰት መፋቅና መቅበር እናቴን ያስተማረቻት የእሱ ሚስት ናት። እናቴ ስትፍቅ አባቴ ፊቱን ያዞራል። ሲበስል ግን ይበላል።

አሁን የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ልናገር። ጣሊያን ዲላ ሲገባ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ዘነበ ጥላ አስዘርግተው፣ መስቀል ይዘው፣ መንገድ ድረስ ወጥተው የጣሊያኑን ካፒቴን ተቀበሉት። አባቴ ቡና ውስጥ ተደብቆ ሁሉንም አየ። ወንድሙ ማይጨው ዘምቶ እዚያው ቀርቷል፤ ቀባሪ እንኳ አላገኘም። አባቴ ያንን ቀን ቤት መጥቶ፣ «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የዚያን ሰውዬ መስቀል የሚሳለም የለም» አለ። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚባል አልሄድንም።

ጸሎትና ጾም ግን አልተወም። እንዲያውም ባሰበት። በየማለዳው ከበራችን ፊት ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቆማል፣ እኔን ከጎኑ ያቆመኛል፣ አባታችን ሆይን በግዕዝ ይደግማል። ድምፁ ወታደር የሚያሰልፍ ነው የሚመስለው። «ይኩን ፈቃድከ» የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ያስለዋል፤ ያስልና አልፎ ከሚቀጥለው ይጀምራል። እኔ ማሳሉ የጸሎቱ ክፍል መስሎኝ፣ እዚያ ቦታ ስደርስ አብሬው እስል ነበር። አንድ ቀን በጥፊ መታኝ። ለምን እንደመታኝ አልገባኝም።

አሁን ገብቶኛል። ፈቃድህ ይሁን ማለት በወንድሙ ሞት ላይ መፈረም መስሎት ነው። አባቴ እግዚአብሔርን አኩርፎት ነበር። ማኩረፍ ብቻም አይደለም፣ እኔ እንደሚመስለኝ ማመኑንም ወደ መተው ደርሶ ነበር። ጾሙን ግን መተው አልቻለም፤ ምክንያቱም ጾሙ የእሱ ነው። ሆድ የእሱ፣ ረሃብ የእሱ፣ ቀኑን የሚቆጥረው እሱ። ሰው እግዚአብሔርን ሳያምን ሊጾም እንደሚችል ያየሁት በገዛ አባቴ ነው፤ ከማንም በላይ አጥብቆ ይጾማል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ትንሽ ነበረች፣ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። ስንተኛ ያንን ፉጨት እሰማለሁ፤ እኔ በውስጧ ወፍ ያለ ይመስለኝ ነበር፣ እንዳትበር ብዬ እጄን ደረቷ ላይ አደርጋለሁ። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው፤ ሰማንያ ቀኗ ደግሞ ከልደት ጋር ገጠመ። እናቴ ደስ አላት። «ለልደት ክርስትና ትነሳለች፣ ከዚያ ይሻላታል» እያለች ትነግረኛለች።

«በማን እጅ?» አለ አባቴ።

«በቄስ ዘነበ እንጂ በማን?»

«በዚያ እጅ አይሆንም።»

ኅዳር ላይ እናቴ ከዲላ ገበያ ስትመለስ አዲስ ወሬ ይዛ መጣች።

«በዲላ ጾሙ ትናንት ገብቷል።»

«ማን አስገባው?» አለ አባቴ። በእሱ ቆጠራ የሚገባው ያን ቀን፣ በአሥራ አምስት ነው።

«ቄስ ዘነበ ናቸዋ። ዘንድሮ በአሥራ አራት ነው አሉ። ልደትም በሃያ ስምንት ነው አሉ።»

አባቴ ሳቀ። ሳቁ ደስ አይልም። «ገባኝ! የፈረንጁ ልደት ከኛ ይቀድም የለ? ዘንድሮ አንድ ቀን ወደ እነሱ ይጠጋሉ፣ ለከርሞ ሁለት ቀን፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ወስደው ከካፒቴኑ ማዕድ ያስቀምጡናል። እኔ ዕድሜ ልኬን የማውቀው ሃያ ዘጠኝ ነው። በሃያ ዘጠኝ ይወለዳል!»

ይህን የተናገረው እንደ ትእዛዝ ነው። እኔም እንደ ትእዛዝ ሰማሁት። ጌታ የሚወለድበትን ቀን የሚወስነው አባቴ ነው ብዬ አመንኩ። ደረቴን ነፍቼ ከጅግሶ ልጆች ጋር ስጫወት «የኛ አባት ካልፈቀደ ጌታ አይወለድም» እላቸው ነበር። እነሱም ክርስቲያን ስላልሆኑ «እሺ» ብለው ተቀበሉኝ።

ታኅሣሥ እኩሌታ ላይ የፈረንጁ ልደት ደረሰ። እናቴ ጎመን ተሸክማ፣ እህቴን አዝላ፣ እኔን አስከትላ ዲላ ወረደች። ጣሊያኖቹ ከሰፈራቸው በር ላይ ሣጥን አስቀምጠው፣ ጭድ ጎዝጉዘው፣ ጉንጩ የቀላ የሸክላ ሕፃን አስተኝተውበታል። ወታደሮቹ ይዘፍናሉ፤ አንዱ እያለቀሰ ነው የሚዘፍነው። ፈረንጅ የሚያለቅስ አይመስለኝም ነበርና አፌን ከፍቼ አየሁት።

«ይህ ማነው?» አልኳት እናቴን፣ ሕፃኑን እያሳየሁ።

«ጌታ ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ተወለደ?»

«ለእነሱ ተወልዷል። ሂድ አትቁም።»

መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድኩ። ለፈረንጆቹ ተወልዷል። በሃያ ስምንት ለዲላ ሰዎች ይወለዳል። ለኛ በመጨረሻ ይወለዳል። ብዙ የተጠበቀው የኛው ስለሆነ ዋናው እሱ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ግን እናቴ ጀርባ ላይ ያ ፉጨት ይሰማኛል። እህቴ የሚሻላት ጌታ ሲወለድ ከሆነ፣ አባቴ ለምን ያዘገየዋል? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ጥፊውን አልረሳሁትማ።

የሃያ ሰባት ለት እህቴ ጡት መያዝ አቃታት። እናቴ ከአባቴ ፊት ቆመች። ቁጭ ብላ ነበር የምታናግረው ሁልጊዜ።

«ባሻ፣ ነገ ልደት ነው። ልጅቱን ልውሰዳት።»

«ነገ አይደለም።»

«እሺ ነገ አይሁን። ክርስትና ሳትነሳ ብትሞትብኝ የት ነው የምቀብራት? ከእንሰቱ ሥር?»

አባቴ «አትሞትም» አለ። «ልደት ይለፍና ይርጋ ጨፌ ድረስ ሄጄ ሌላ ቄስ አመጣለሁ።»

«ቤተ ክርስቲያን በማይረግጠው እግርዎ?» አለችው። በዓመቱ ውስጥ ከሳቀችው ሳቅ ያ አንዱ ነው፤ ወዲያው ግን አለቀሰች።

በማግስቱ ማለዳ ከዲላ በኩል ከበሮ ተሰማ። ነፋሱ ወደ እኛ ሲሆን ቀርቦ ይሰማል፣ ሲዞር ይጠፋል። አባቴ መጥረቢያውን አንስቶ ደጅ ወጣና እንጨት መፍለጥ ጀመረ። የሚፈለጥ እንጨት አልነበረም፤ የተፈለጠውን ነው እንደገና የሚፈልጠው። ከበሮው ሲሰማ አጥብቆ ይመታል።

ጅግሶ በግ እየጎተተ ሽቅብ መጣ።

«ባሻ! ምን ትሠራለህ? ጌታችሁ ተወለደ እኮ!»

«አልተወለደም።»

«ኸረ ተወልዷል! ዲላ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። በዓይኔ አይቼ መጣሁ።»

«አንተ ምን አገባህ? ክርስቲያን ነህ?»

«አይደለሁም። እኔ የላዩን አምላክ፣ ማገኖን ነው የማውቀው። ግን ልጅ ተወለደ ሲባል ባዶ እጅ አይመጣም። በግ አመጣሁ።»

«ነገ አምጣው።»

«በጉ ነገን አያውቅም፣ ባሻ። እስከ ነገ እንሰቴን ይጨርስብኛል» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ «ልጁስ እንዴት አደረ?» አለ። ጅግሶ እህቴን «ልጁ» ነው የሚላት፤ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት አይለይም ነበር።

እናቴ ከውስጥ «አልጠባችም» አለችው።

ጅግሶ መሳቁን ተወ። በጉን ከቡና ግንድ አስሮ፣ ቁልቁል ወረደ። አባቴ ፈለጣውን ቀጠለ።

ቀትር ሲሆን ጅግሶ ተመለሰ። ከኋላው ቄስ ዘነበ አሉ። አጭር ሽማግሌ ናቸው፣ አቀበቱ አድክሟቸው በየጥቂቱ ይቆማሉ። ጥላቸውን የተሸከመው ጅግሶ ነው። አባቴ መጥረቢያውን እንደያዘ አጥሩ በር ላይ ሄዶ ቆመ።

«ማን ጠራዎት?»

«ይኸው ጅግሶ ነዋ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እጄን ያዘና ‹ያንተ ሰዎች ልጅ እየሞተባቸው ነው፣ አንተ እዚህ ትዘፍናለህ› አለኝ። ምን ልበለው?»

«ይህ ቤት ጾም ላይ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አሉና፣ ግባ ሳይባሉ በአባቴ ጎን አልፈው የተፈለጠው እንጨት ላይ ተቀመጡ። «ባሻ፣ ያለፈችው ጳጉሜ ስንት ነበረች?»

«ስድስት። እኔ አልሳትኳትም! ቀን የሚሰርቁስ እርስዎ ነዎት።»

«ስድስት። ጎሽ። ጌታ በእናቱ ማሕፀን የቆየው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ተፀነሰ፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ተወለደ። ጳጉሜ ስድስት የሆነች ጊዜ ግን አንድ ቀን ትርፍ ትመጣለች። ስለዚህ አባቶቻችን በየአራት ዓመቱ ልደትን ወደ ሃያ ስምንት ያወርዷታል፤ ጣሊያን ሳይፈጠር ጀምሮ። ሃያ ዘጠኝ ብለህ ድርቅ ካልክ እመቤታችንን አንድ ቀን ጨምረህ አሸከምካት ማለት ነው።»

አባቴ ሊመልስ አፉን ሲከፍት እናቴ እህቴን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ብቅ አለች።

«አንድ ቀን!» አለች። «ባሻ፣ የመውለጃ ቀን ገብቶ ማደር ምን እንደሆነ እኔን ይጠይቁኝ። ይህችን ሳምጥ ከውጭ ሆነው ‹ቶሎ በይ እንጂ› የሚሉኝ እርስዎ አልነበሩም? ለኔ ቸኩለው፣ እመቤቴን እስከ ነገ ሊያቆዩአት ነው?»

«እውነቱን ነው!» አለ ጅግሶ፣ ስለ እናቴ።

አባቴ ፊቱ ቀላ። በየአራት ዓመቱ ሲሆን ኖሮ እሱ ልብ አላለውም፤ ድሮ ካህን ሲያውጅ ይሰማል፣ ሌላው ሲፈስክ ይፈስካል፣ ማን ቀን ይቆጥር ነበር? መቁጠር የጀመረው ብቻውን ከቀረ ወዲህ ነው። መሳሳቱ እንደገባው አየሁ። ግን አባቴ ነውና በዚያ አልተረታም።

«ይሁን» አለ። «መንገድ ወጥተው ካፒቴኑን የተቀበሉትስ? እሱንም አባቶቻችን ናቸው ያወረዱት?»

ቄስ ዘነበ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። እኔ ሲቆጡ ነው የጠበቅሁት።

«ፈራሁ» አሉ። «ቤተ ክርስቲያኑን እንዳያቃጥል ብዬ ነው እላለሁ ለሰው። እሱ በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ፈራሁ። መቅደስ በገባሁ ቁጥር ለእሱ እነግረዋለሁ። አሁን ላንተም ነገርኩህ።»

አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ክርክሩን ሲያዘጋጅ ኖሯል። ቄሱ ቢዋሹ የሚመልሰው ነበረው፣ ቢቆጡም ነበረው። ለዚህ ግን ምንም አልነበረውም። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የአባቴ አልመስል አለኝ።

«ወንድሜን አልጠበቀልኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ለመንኩት እኮ። ተንበርክኬ።»

«አውቃለሁ፣ ባሻ። እኔ የምመልስልህ የለኝም። ለእሱ ንገረው። ግን እዚህ ደጅህ ላይ ሆነህ አይደለም፣ ቤቱ መጥተህ ንገረው።»

በጉ ጮኸ። ቄስ ዘነበ ዞር ብለው አዩት።

«እኔ ከትናንት ጀምሬ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም» አሉ። «ያ በግ የማን ነው?»

«የጅግሶ ነው» አለ አባቴ።

«የኔ አይደለም፣ ለተወለደው ልጅ ነው» አለ ጅግሶ።

የተራበ እንግዳ ቤቱ መጥቶ ባዶ ሆዱን የሚሸኝ ሰው አባቴ አይደለም። ቢሞት አያደርገውም። ቢላዋ አውጥቶ፣ በስመ አብ ብሎ አረደ። እናቴ አንድ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ አነጠፈችና ለሦስቱም አንድ ላይ አቀረበች። ድሮ ጅግሶ ከኛ ገበታ እጁን አይሰድም ነበር፤ ለእሱ ለብቻው ነው የሚቀመጥለት። አባቴ ቅጠሉን አየ፣ እናቴን አየ፣ ተቀመጠ። ቄሱ ባርከው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አንተ ካልቀመስክ አልቀምስም።»

«እኔ የጀመርኩትን...»

«እንግዲያው ጅግሶ ብቻውን ይብላ።»

«እኔ እችላለሁ» አለ ጅግሶ።

አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ኮሶ ዋጠው። ሁለተኛውን ዓይኑን ገልጦ በላ። ሦስተኛውን ለጅግሶ አጎረሰው።

እኔ ግን ተምታታብኝ። በኛ ቤት ጌታ የተወለደው መቼ ነው? ከበሮው ማለዳ ሲመታ ነው ወይስ አባቴ ያንን ሥጋ ሲውጥ? ዛሬ የተማሩ ሰዎች ቢጠይቁኝም የምመልሰው ሁለተኛውን ነው። ይስቁብኝ።

ቄስ ዘነበ ሲሄዱ አጥሩ በር ላይ ቆሙ። «ነገ በዓለ እግዚአብሔር ነው፣ ቅዳሴ አለ። ያንተም ሃያ ዘጠኝ ቦታዋ ላይ ናት፣ ማንም አልወሰዳትም። ልጅቱን ይዛችሁ ኑ፣ ክርስትና ትነሳ፣ ትቁረብ።»

«ሲነጋ ይታያል» አለ አባቴ።

የእናቴ ፊት ጠቆረ። ሲነጋ ይታያል ማለት በአባቴ አፍ ብዙ ጊዜ እምቢ ማለት ነው።

ሲነጋ አባቴ ተነስቶ ጋቢውን ለብሷል። እህቴን ከእናቴ እጅ ተቀብሎ ጋቢው ውስጥ አስገባትና ቁልቁለቱን ጀመረው። እኔና እናቴ ሮጥ ሮጥ እያልን ተከተልነው። ጤዛው እስከ ጉልበቴ አረጠበኝ። ዲላ ስንደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል። እናቴ የሕፃኗን የክርስትና እናት ልትጠራ ቀድማ ገባች።

አባቴ ቅጥሩ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰው ይሳለማል፣ ያልፈዋል፤ እሱ አይሳለምም፣ አይገባም፣ አይመለስም። ሕፃኗን አቅፎ እንደ ግንድ ቆሟል። ከጋቢው ውስጥ ያ ፉጨት ይሰማል፣ በጣም ቀጭን ሆኗል። ከውስጥ ዲያቆኑ «የምትጠመቀዋ ሕፃን የታለች?» ብሎ ተጣራ። አንዴ ተጣራ፣ ደገመ።

ጥፊው ትዝ አለኝ። ይምታኝ አልኩ። የጋቢውን ጫፍ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ውስጥ ጎተትኩት። መጀመሪያ ከበደኝ። ከዚያ ቀለለኝ።